እማዬን ይዤ በነሐሴ የዩታን በረሃ ላቋርጥ ነው፤ ምን ትላላችሁ?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ ከደሴ መጥታ እዚህ ሜሪላንድ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች አራተኛ ወሯ ነው። 67 ዓመቷ ነው። ጤናዋ ደህና ነው፤ ጉልበቷን ግን አልፎ አልፎ ያማታል። ቤት መዋል ሰልችቷታል። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ አሜሪካ መንገድና ሱቅ ብቻ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ።

ስለዚህ በነሐሴ መጀመሪያ፣ ኦገስት ሁለተኛ ሳምንት ላይ፣ እሷን፣ ባለቤቴንና የ11 ዓመት ልጃችንን ይዤ በአውሮፕላን ላስ ቬጋስ ልወርድ ነው። ከዚያ በኪራይ መኪና ሰባት ቀን። ከቬጋስ ዛየን ፓርክ፣ ከዛየን በካናብ አድርገን አሪዞና ውስጥ ያለችው ፔጅ፣ ተመልሰን በብራይስ በኩል ኤስካላንቴ፣ ከዚያ በ12 ቁጥር መንገድ ካፒቶል ሪፍ።

በመስኮት አይቶ ማለፍ አልፈልግም። በእግር ካንየን፣ ማለትም በዓለት ገደሎች መካከል ያለ ሸለቆ ውስጥ መግባት ነው የምፈልገው። ዛየን ላይ ወንዝ ለወንዝ የሚኬድበትን ዘ ናሮውስን፣ ፔጅ አጠገብ አንቴሎፕ ካንየንን፣ በካናብና በፔጅ መካከል በዋየር ፓስ በኩል የሚገባበትን በክስኪን ገልችን፣ ኤስካላንቴ ላይ ደግሞ ስፑኪ የሚባለውን። ስፑኪ በጣም ጠባብ ነው አሉ። በአንዳንድ ቦታ ሰው ጎኑን አዙሮ፣ ቦርሳውን አውልቆ ነው የሚያልፈው።

ነሐሴን የመረጥኩት የልጁ ትምህርት ሳይጀመር ብዬ ነው። ደግሞ አገሩ በረሃ ስለሆነ ዝናብ አያስቸግረንም። የምፈራው ሙቀቱን ብቻ ነው። ተራ አውቶሞቢል ይበቃናል? እማዬስ ትችለዋለች? ከካንየኖቹ የሚቀር ካለስ የቱ ይቅር?

ምላሾቹ

ይህን የጻፍኩት በሰኔ ነበር። 36 ምላሽ መጣ። አሁንም ይህንኑ ጥያቄ በግል የምትልኩልኝ አላችሁ። የውይይቱ ክር ረጅም ስለሆነ የተባለውን በራሴ አነጋገር፣ በቁጥሩ እያነሳሁ እዚሁ አኖራለሁ።

1ኛ። መጀመሪያ የጻፈው ቬጋስ ታክሲ የሚነዳ ወንድማችን ነው። ለእማዬ ሰላምታ ልኮ ጀመረ። እስከ ዛየን መግቢያ 160 ማይል ያህል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ መሆኑን ነገረኝ። ከዚያ ጭራሽ ያላሰብኩትን ጉዳይ አነሳ፤ ሰዓትን። ዩታ ከኔቫዳ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። አሪዞና ደግሞ እንደሌሎቹ ስቴቶች ሰዓቷን ወዲህ ወዲያ አታደርግም። ስለዚህ በነሐሴ የፔጅ ሰዓት ከቬጋስ ጋር እኩል ይሆንና ከካናብ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ከፔጅ ትንሽ እልፍ ሲባል የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት የናቫሆዎች ምድር ይመጣል። እነሱ ሰዓት ስለሚቀይሩ ከዩታ ጋር ናቸው። ስልክ በመሃል ቤት ይገለባበጣል። የአንቴሎፕ ቀጠሮ በፔጅ ሰዓት እንደሚቆጠር አስጠንቅቆኝ የእጅ ሰዓት አስሬ እንድሄድ መከረኝ። እማዬ በኢትዮጵያ ሰዓት የምትቆጥር መሆኗ ሲጨመርበት ምክሩ ትልቅ ነገር ነበር።

2ኛ። ሶልት ሌክ ሲቲ የምትኖር ነርስ እህታችን በጣም በጥሩ መንፈስ ጻፈች። ዛየን ላይ እናትና ልጅ የሚለያዩበት ምክንያት እንደሌለ አስረዳችኝ። የፓርኩ ነጻ አውቶቡስ የመጨረሻ ጣቢያው ላይ ሲያወርድ፣ ሪቨርሳይድ ዎክ የሚባል የተነጠፈ መንገድ አለ። ደርሶ መልሱ 2.2 ማይል ነው፣ ብዙም ዳገት የለውም። ግራና ቀኙ ገደል፣ መሃሉ ወንዝ። ንጣፉ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ናሮውስ ይጀምራል። እማዬ እስከዚያ ድረስ ከእኛ ጋር ትመጣለች፣ ውሃ መግባት የፈለገ ከዚያ ይገባል። አንድ ማስጠንቀቂያ አከለች። የቨርጂን ወንዝ ውሃ ከ2020 ጀምሮ መርዛማ ነገር የሚያወጣ ተህዋስ ታይቶበታል። ስለዚህ አጣርቶም ቢሆን አይጠጣም፤ ልጁም ጭንቅላቱን እንዳይነክር።

3ኛ። ይህኛው ሰላምታ የለውም። የወሩን ስም ጽፎ የጥያቄ ምልክት አደረገና፣ የጻፍኩትን መልሼ እንዳነብ አዘዘኝ። በቃ። አናደደኝ። ዛሬ ላይ ግን ከ36ቱ ሁሉ ቶሎ የነቃው እሱ እንደነበረ አምናለሁ።

4ኛ። አንድ ሌላ ሰው የሦስተኛውን ቁጣ ተረጎመልኝ። በረሃ ስለሆነ አይዘንብም ማለቴ ስህተት ነው። ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ከሜክሲኮ በኩል እርጥብ አየር ወደዚያ አገር ይገባል። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ይላል። ከሰዓት በኋላ ደመና ይቆለላል፣ ነጎድጓድ ይጀምራል፣ ዝናቡ በአንድ ቦታ ላይ ይደፋል። መሬቱ ደግሞ ራቁቱን የወጣ ዓለት ነው። ሣር የለው፣ ይህ ነው የሚባል አፈር የለው፣ ውሃ አይመጥም። የወረደው ሁሉ ተንሸራትቶ ወደ ጠባቡ ካንየን ይገባል። ካንየኑም የተሠራው በዚሁ ነው። ያ እንደ ሐር የለሰለሰ ግድግዳ፣ ለፎቶ የምንሮጥለት፣ ደራሽ ውሃ ለብዙ ሺህ ዓመታት የፋቀው ነው።

5ኛ። እዚህ ላይ ልቆይ። የጻፈችው የድሬዳዋ ልጅ ናት፣ አሁን ዴንቨር ነው የምትኖረው። ስለ ዩታ አንድም ቃል አልጻፈችም። ስለ ደቻቱ ነው የጻፈችው።

ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ንግድም ይካሄድበታል። ወንዝ መሆኑን የሚያስታውሰው የለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ መጣ። ዝናቡ በብዛት የጣለው ከከተማው በላይ ባለው ደጋ ላይ ነበር። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እሷ ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። መጀመሪያ የሰማችው ድምፅ ነው። የድሬ ልጅ ናትና ባቡር መሰላት። በዚያ ሰዓት ባቡር ምን ያደርጋል ብላ ሳትጨርስ አባቷ ከአልጋዋ አንስቶ ወደ ላይኛው መንገድ ሮጠ። ጎረቤቶቻቸው አልወጡም። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጻፈችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገሯ ወደ እኔ የዞረ ነበር። እናትህን ወደ ስንጥቅ ዓለት ውስጥ ስታስገባ የምታየው ከራስህ በላይ ያለውን ሰማይ ነው፤ ውሃው ግን ከዚያ አይመጣም የሚል ሐሳብ ነው ያለው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

6ኛው የእኔ ነበር። አመሰግናለሁ አልኩና ተከራከርኩ። ጠዋት ሰማዩን አይተን እንገባለን፣ ከደመነ እንወጣለን ብዬ ጻፍኩ። ሰው አምስት ጊዜ ተነግሮትም የራሱን ሐሳብ ቶሎ አይለቅም።

7ኛ። አንቴሎፕን የሚያውቅ ሰው ለዚሁ መልስ ሰጠኝ። ኦገስት 12 ቀን 1997 ታችኛው አንቴሎፕ ውስጥ 11 ጎብኚዎች በደራሽ ውሃ ሞተዋል። ዝናቡ የጣለው ብዙ ማይል ርቆ ነበር። ያን ጊዜ መውረጃው የእንጨት መሰላል ነበር፤ ውሃው ጠርጎ ወሰደው። ዛሬ ብረት ነው፣ ከዓለቱ ጋር በብሎን ታስሯል። ያለ ናቫሆ አስጎብኚም ማንም አይገባም። የላይኛው አንቴሎፕ በናቫሆ ቋንቋ ስሙ ጼ ቢጋኒሊኒ ነው። ትርጉሙ ውሃ በዓለት መካከል የሚያልፍበት ማለት ነው። የአገሩ ሰዎች ነገሩን በስሙ ላይ ጽፈውታል። እኛ የምናየው ፎቶውን ነው።

8ኛ። ያው ሰው ቀጠለ። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 ዛየን ውስጥ ኪሆል በሚባል ጠባብ ካንየን ሰባት ሰዎች ሞተዋል። ፈቃድ አውጥተው የገቡ ናቸው። ፈቃድ ወረቀት ነው፣ ውሃ አያቆምም። ይልቅ ጠዋት ጠዋት የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቱ ለፓርኮቹ የሚያወጣውን የደራሽ ውሃ ደረጃ እንዳይ ነገረኝ። ደረጃው አራት ነው፦ አይጠበቅም፣ ሊኖር ይችላል፣ ሳይኖር አይቀርም፣ ይጠበቃል። ከመጀመሪያው በቀር በሌሎቹ ቀናት ወደ ጠባብ ካንየን አትግባ ነው ምክሩ። ናሮውስን ደግሞ ፓርኩ ራሱ ይዘጋዋል። የወንዙ ውሃ በሰከንድ ከ150 ኪዩቢክ ጫማ ሲያልፍ ዝግ ነው። በየሰከንዱ ከ4,000 ሊትር በላይ ማለት ነው።

9ኛ። ከባድ መኪና የሚነዳ ወገናችን ስለ መኪናው መጣ። በነገራችን ላይ የዚያን አገር መንገድ የሐበሻ የጭነት መኪና ሹፌሮችን ያህል የሚያውቀው ያለ አይመስለኝም። ከግሪን ሪቨር እስከ ሳሊና በ70 ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ ከ100 ማይል በላይ ማደያ እንደሌለ ነገረን። የእኔ መንገድ በዚያ አያልፍም፤ ግን ነዳጅ ግማሽ ሲደርስ ሙላ የሚለው ሕጉ ከዚያ የመጣ ነው። ቀጥሎ ሁለት ነገር አዘዘኝ። አንደኛ፣ መኪናውን ከመረከቤ በፊት ኮፈኑን ሳይሆን የኋላውን ከፍቼ ስኮርታ ጎማ መኖሩን እንዳይ። ብዙዎቹ አዳዲስ መኪኖች ስኮርታ የላቸውም፤ የአየር መንፊያና ማጣበቂያ ብቻ ነው ያላቸው። ሁለተኛ፣ ውሉን እንዳነብ። አስፋልት ካልሆነ መንገድ ላይ የሚደርስ ጉዳት ብዙ ጊዜ በኢንሹራንሱ አይሸፈንም።

ይህ ምላሽ ከካንየኖቼ ሁለቱን ገደለብኝ። ወደ ዋየር ፓስ የሚወስደው የሃውስ ሮክ ቫሊ መንገድ አፈር ነው፤ ከአስፋልቱ ስምንት ማይል ተኩል ይገባል። ወደ ስፑኪ የሚወስደው ሆል ኢን ዘ ሮክ የሚባለው መንገድ ደግሞ ከአስፋልቱ 26 ማይል ያህል ኮረኮንች ነው።

10ኛ። አንዱ በኮሮላ ስፑኪ ድረስ ሄዶ ምንም እንዳልሆነ ጽፎ፣ ሰውን በከንቱ አታስፈራሩ ብሎ ቆጣ አለ።

11ኛ። ሹፌሩ በቁጣ መለሰለት። አንድ ጊዜ ያለ አደጋ መመለስ እውቀት እንዳልሆነ፣ ኮረኮንቹ ጥርስ እስኪንቀጫቀጭ እንደሚያናውጥ፣ የመኪና ብሎን እንደሚያላላ፣ ስልክ በማይሠራበት ቦታ አሮጊት እናትና ልጅ ይዞ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ዘረዘረ። አሮጊት ያለው አልተመቸኝም። ነገሩ ግን ትክክል ነው።

12ኛ። የዋልካ አገር ሰው መሆን አለበት የጻፈው። የሃውስ ሮክን አፈር ከጎጃም ዋልካ ጋር አመሳሰለው። ሲደርቅ ጠፍጣፋ መንገድ ነው። ሲረጥብ ጎማ ላይ ተጠቅልሎ አራቱንም ያስራል። ባለ አራት ጎማ ኃይልም አያድንም። ማድረቂያው ፀሐይ ብቻ ነው፤ ለዚያም መጠበቅ ነው። ካናብ ያለው የፌደራሉ መሬት አስተዳደር የጎብኚዎች ቢሮ ስለ መንገዱ ሁኔታ በየዕለቱ ስለሚያውቅ፣ መሄድ የፈለገ ሰው እዚያ ሳይጠይቅ እንዳይነቃነቅ አሳሰበ።

13ኛ። ታሪክ የሚወድ ሰው ደግሞ የሆል ኢን ዘ ሮክን ስም አመጣጥ ነገረን። በ1879 ወደ 250 የሚሆኑ የሞርሞን ሰፋሪዎች በጋሪ ተነስተው ኮሎራዶ ወንዝ ገደል አፋፍ ላይ ሲደርሱ መንገዱ አለቀባቸው። በብርዱ ወራት አንድ የዓለት ስንጥቅ በባሩድና በዶማ አስፍተው፣ በ1880 መጀመሪያ ጋሪዎቹን በገመድ እየያዙ ቁልቁል አወረዱ። ስድስት ሳምንት ይበቃናል ብለው የወጡበት ጉዞ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። እኔ ይህን ሳነብ ሰባት ቀኔ ላይ አንድ ቀን ልጨምር ወሰንኩ።

ከ14ኛ እስከ 18ኛ። ክሩ ወደ ምግብ ዞረ። ጉዞው ጾመ ፍልሰታ ላይ ነው የሚውለው። እማዬ ትጾማለች። በበረሃ ከተሞች የጾም ምግብ ከየት ይገኛል ብሎ አንዱ አሰበልኝ። በሶ የሚል መልስ ከሦስት ሰው መጣ። አንዷ በሶውን በማርና በውሃ በጥብጦ በጠርሙስ መያዝ ነው አለች፤ ሌላዋ ማር በጾም ይበላል አይበላም ብላ ገባች፤ በዚህ ላይ አምስት መስመር ክርክር ተደረገ። ዳቦ ቆሎ፣ የሽምብራ ቆሎ፣ የተቆላ ኦቾሎኒ ተጠራ። ወደ ቁም ነገሩ የመለሰችን ነርሷ ናት። በሙቀት የሚሄድ ሰው ውሃ ብቻ እየጠጣ ጨው የያዘ ነገር ካልበላ፣ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥንና ራሱን ያዞረዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ሲብስም ይጥለዋል። ግራንድ ካንየን ላይ ጠባቂዎቹ ይህን በደንብ ያውቁታል። ስለዚህ ጨው ያለበት ቆሎ መክሰስ ብቻ አይደለም፣ መድኃኒት ነው። ውሃውን በተመለከተ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን በመኪናው ውስጥ እንዲኖር አዘዘች። ለአራት ሰው አራት ጋሎን፣ ከዚያ ትርፍ ጀሪካን።

19ኛ። አንዱ እዚያ ያለው ሙቀት ከዓለም አንደኛ እንደሆነ፣ ሞት ሸለቆ የሚባለው ዴዝ ቫሊ ከቬጋስ ቅርብ እንደሆነ ጽፎ፣ አገሩ ባዶ ነው፣ ባለቤት የለውም፣ እንደልብ መዞር ይቻላል ብሎ ጨመረ።

20ኛ። የሎጊያ ልጅ ነው የመለሰለት። አፋር ተወልዶ ያደገ፣ አሁን ስቶክሆልም ያለ። ስለ ሙቀቱ ጨዋ ነበር። ዴዝ ቫሊ ከባህር ወለል በታች 86 ሜትር ነው፣ በ1913 የተመዘገበው 56.7 ዲግሪም የዓለም ክብረ ወሰን ተብሎ ተይዟል። የዳሎል ግን የአንድ ቀን ወሬ አይደለም። ከ1960 እስከ 1966 በተለካው የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነበር፤ ሌሊቱም፣ ጥር ወሩም ተደምሮ። ከባህር ወለል በታችም ከዴዝ ቫሊ ይበልጣል።

ባዶ የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ግን አነጋገሩ ተለወጠ። በረሃ ለማያውቀው ሰው ባዶ ነው። አፋር ላይ አሞሌውን ቆርጦ በግመል የሚጭን ሰው እያለ፣ የጉድጓዱን ባለቤት ጎሳ ሁሉም እያወቀ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ቱሪስት ማንም የሌለበት ቦታ አገኘሁ ብሎ ፎቶ ይለጥፋል። የናቫሆውም እንዲሁ ነው። አንቴሎፕ የሰው መሬት ነው። ወደ ሰው ግቢ የሚገባ ሰው በር ያንኳኳል። እዚህ ጋ ሰባት ሰው ወደደለት። እኔም አንዱ ነኝ። የመክፈቻ ጽሑፌ ውስጥ ናቫሆ የሚል ቃል እንደሌለ ያየሁት ያኔ ነው።

ከ21ኛ እስከ 26ኛ። እንዴት ወደ ግድብ እንደዞርን አሁንም አይገባኝም። ፔጅ ከተማ የተቆረቆረችው ለግሌን ካንየን ግድብ ሠራተኞች መሆኑን አንዱ አነሳ። ግድቡ 216 ሜትር ቁመት አለው። ከኋላው የተኛው ሌክ ፓወል በ1963 መሙላት ጀምሮ ሞላ የተባለው በ1980 ነው፣ 17 ዓመት። ሌላው ወዲያው ህዳሴን አመጣ። የእኛ ቁመቱ 145 ሜትር ነው፣ የሚይዘው ውሃ ግን 74 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር፣ ከፓወል እጥፍ በላይ። ኤሌክትሪኩም የእነሱ 1,320 ሜጋዋት፣ የእኛ ከ5,000 በላይ። ደስ የሚል ንጽጽር ነበር፤ ሦስተኛው ሰው ግሌን ካንየን ከነጎን ካንየኖቹ በውሃ ሥር መቅበሩ ያሳዝናል እስኪል ድረስ። በዚህ ጊዜ ግድብ የሚጠላ የማን ወዳጅ እንደሆነ ይታወቃል የሚል ስድብ መጣ። የተሰደበው ሰው ለህዳሴ ቦንድ የገዛበትን ዓመት ጽፎ መለሰ። 26ኛው ላይ ሹፌሩ ገብቶ ሁለቱንም በጋሽነት ገሠጻቸው፤ ጥያቄው የአንዲት እናት ጉዞ መሆኑን አስታወሰ። ጸጥ አሉ።

27ኛ። ከዚያ እንዲህ ያለ ምላሽ መጣ። አንዲት ሴት፣ ከየት እንደሆነች አልጻፈችም፣ 26 ሰው ስለ እናትህ ጉልበት ሲከራከር እናትህን ጠይቀሃል ወይ አለችኝ። ትፈልግ አትፈልግ፣ ምን እንደምትችል፣ ምን እንደምትፈራ። እሷን እንደ ሻንጣ ነው የምታወራላት ብላም ጨመረች። ከክሩ ሁሉ የጎዳኝ ቃል ይህ ነው። እውነት ስለሆነ።

28ኛው የእኔ ነው። ያን ቀን ማታ እማዬን ቡና ላይ ጠየቅኋት። ፎቶዎቹን አሳየኋት። ዝም ብላ አየችና ግሸንን አነሳች። በልጅነቷ ከአያቷ ጋር ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም በእግር ሄዳለች። ቆላውን ወርዳ፣ ወንዝ ተሻግራ፣ አምባውን ወጥታ። ውሃው ጋ ሲደርሱ ትልልቆቹ ሰዎች ውሃውን አያዩትም ነበር። ዘወር ብለው ደጋውን ነው የሚያዩት። ደጋው ከጠቆረ፣ ወንዙ ቁርጭምጭሚት ባይደርስም ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። አንዴ ግማሽ ቀን ጠበቁ።

ማንም ሳይነግራት የድሬዋን ልጅ ቃል ነው የነገረችኝ። ከዚያ የሚፈለገውን ተናገረች። ወንዝ ውስጥ አትገባም። ነገር ግን ከገደሉ ሥር ቆማ ወደ ላይ ማየት ትፈልጋለች። መኪና ውስጥ ተቀምጣ እንድትጠብቀንም አትፈልግም። ጉልበቷን ደግሞ ምርኩዝ ይበቃዋል።

ከ29ኛ እስከ 33ኛ። እማዬን የወደዳት በዛ። የድሬዋ ልጅ ለእሷ ሰላምታ ላከች፣ ስለ እኔ ግን ምንም አላለችም። 3ኛው፣ ሰላምታ የማያውቀው ሰው፣ ተመልሶ መጥቶ አሁን ገና ሰው ጠየቅህ አለኝ። አዲሱን ዕቅዴን አቀረብኩ፤ በክስኪንና ስፑኪ ወጡ፣ ናሮውስ ደረጃው ከፈቀደ ለአንድ ሰዓት ብቻ፣ አንቴሎፕ ከአስጎብኚዎቹ ጋር። አስፋልት ለማይለቅ ሰው ኤስካላንቴ ላይ ምን ቀረ ብዬ ጠየቅሁ። ካፍ ክሪክ ፏፏቴን ጠቆሙኝ። 126 ጫማ ይወርዳል፣ ደርሶ መልሱ ስድስት ማይል አሸዋ ነው። ለእማዬ ከባድ ነው ተባለ። በምትኩ በኤስካላንቴና በቦልደር መካከል 12 ቁጥር መንገድ በአንድ ጠባብ ጀርባ ላይ ሲያልፍ፣ ግራውም ቀኙም ገደል የሚሆንበትን ቦታ ቀስ ብዬ እንድነዳ ተመከርኩ። ቦልደር እስከ 1940 አካባቢ ድረስ ደብዳቤዋ በበቅሎ ይመጣ የነበረ መንደር ናት። ይህን ለእማዬ ስነግራት ደስ አላት።

34ኛ። ካፒቶል ሪፍን የሚያውቅ ሰው ሁለት ነገር ነገረን። ፍሩታ የሚባለው የፓርኩ ቦታ የጥንት ሰፋሪዎች የተከሉት የፍራፍሬ እርሻ አለው። በነሐሴ ኮክ ይደርሳል፤ ሰው ራሱ ለቅሞ፣ መዝኖ፣ ከፍሎ ይወስዳል። በእግር ለመሄድ ደግሞ ግራንድ ዎሽ አለ፤ ደረቅ የወንዝ ወለል ነው፣ ሜዳ ነው፣ ጠባቡ ቦታ ላይ ግድግዳው ሰማይ ይነካል። ለእማዬ የተሠራ ይመስላል። ግን በጠዋት ብቻ። በጁን 2022 እዚያው ፓርክ ውስጥ፣ ካፒቶል ጎርጅ ላይ፣ ደራሽ ውሃ መኪኖችን ወስዶ ነበር።

35ኛ። አንድ ሰው ከጉዞው በኋላ እንድጽፍ ለመነኝ።

36ኛ። ጻፍኩ።

መኪና ኪራዩ ጋ ስንደርስ የተሰጠን መኪና ስኮርታ አልነበረውም። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ሠራተኛው የትም ይሄዳል አለኝ፤ ውሉ ግን ከአስፋልት ውጪ አይሄድም ይል ነበር። አንድ ሰዓት ቆሜ አስቀየርኩ። ሹፌሩን በልቤ አመሰገንኩት።

ዛየን ላይ በሁለተኛው ቀን የደራሽ ውሃው ደረጃ «አይጠበቅም» የሚለው ነበር። ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድን። እማዬ ሪቨርሳይድ ዎክን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሯ ሄደች። ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እኔና ልጄ ዱላችንን ይዘን ውሃ ገባን። ቀዝቃዛ ነው። አንዳንድ ቦታ እስከ ወገቤ ደረሰ። አንድ ሰዓት ሲሞላ ልጄ እያለቀሰ ተመለስን፤ ትንሽ እንቀጥል ነበር ልመናው። ባለቤቴ ከእማዬ ጋር ቆይታ ነበር፤ ሁለቱ ምን እንደተባባሉ አልነገሩንም።

ፔጅ ላይ ቀጠሯችን ከቀትር በኋላ ነበር። በሰዓቱ ደረስን። ሰልፍ ላይ ሳለን አስጎብኚዎቹ ሬዲዮ አዳመጡና ጉብኝቱን አቆሙ። ከላያችን ሰማዩ ሰማያዊ ነው። በስተደቡብ፣ በጣም ርቆ፣ አንድ ጥቁር ነገር ነበር። ከሰልፉ አንድ ሰው ጮኸባቸው። እማዬ ምን እንደተባለ ሳልተረጉምላት ወደ ደቡብ ዞራ እያየች ነበር። ገንዘባችን ተመለሰ። ውሃ መጣ አልመጣ አላየንም፤ መንገዳችንን ቀጠልን።

የመጨረሻው ቀን ግራንድ ዎሽ ነበር። ከጠዋቱ በኢትዮጵያ አንድ ሰዓት ላይ ገባን። ጥላ ነው፣ ይቀዘቅዛል። አሸዋው ላይ የሚዳቋ ዱካ ነበር። እማዬ በቀኝ እጇ ምርኩዟን፣ በግራዋ ትናንት የለቀምነውን ኮክ ይዛ ቀደመችን። ጠባቡ ቦታ ላይ ቆመች። ገደሉን ከሥር እስከ አናት በዓይኗ ለካችው፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ልጄ የገደል ማሚቶ ለመስማት ጮኸ፤ ገደሉ መለሰለት፤ ሳቀች።

ከዚያ አንድ ነገር አየች። ከራሳችን በላይ፣ ሰው ዘሎ እንኳ በማይደርስበት ከፍታ፣ በዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ የዛፍ ግንድ ተሰክቷል። ማንም ሰው አልሰቀለውም። በምርኩዟ ጠቆመችው። እኔ ፎቶ ላነሳው ስልኬን ሳወጣ፣ እሷ የልጄን እጅ ይዛ ወደ መኪናው መመለስ ጀምራ ነበር።